የመልክ አደራ

በ1991 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ በቀረበ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ከማሊ የመጡ ፎቶግራፎች «አንሺው ያልታወቀ» ተብለው ተሰቀሉ። አንሺው ግን በሕይወት ነበር፤ በ1948 ባማኮ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተው ሰይዱ ኬይታ። በ1994 በፓሪስ ለብቻው ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅለት ዓለም ስሙን አወቀ።

ታዲያ ፍትሕ ተፈጸመ እንበል? ከሌንሱ ፊት የቆሙትስ? ከፍለው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው የተነሡት ለቤተ ዘመድ እንጂ ለሙዚየም ግድግዳ አልነበረም። ብዙዎቹ ዛሬም ያለ ስም ይታያሉ።

ማሳየቱ በደል አይደለም፤ ባይታዩ ኖሮ ያን ግርማ ማን ባየው! ነገር ግን የሰውን መልክ ለዓለም የሚያቀርብ አደራ ተቀብሏል። አደራውም «ማን አነሣው?» ከማለት አልፎ፣ «ይህች ሴት ማን ነበረች?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልኩን አውጥቶ ስሙን ያስቀረ፣ ሰውየውን ገና በግማሽ ነው ያሳየው።