ከእንግዳው ጎን መቀመጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ታሪኩ ሲነሣ ደስ የሚለን የተጠመቀው ሰው ኢትዮጵያዊ በመሆኑ ነው። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ እንግዳው የእኛ ሰው እንደ ነበረ ልብ እንበል። በሰው አገር፣ የሚያነበውን የሚያስረዳው አጥቶ ይጓዝ ነበር። ፊልጶስ ወደ እርሱ ሮጠ እንጂ ወዲያው አልሰበከም። አስቀድሞ አዳመጠ፤ ቀጥሎ ጠየቀ፤ ሲጋበዝ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ሲጠየቅም መለሰ። እንግዳን ወዳጅ የማድረጊያው ሥርዓት ይህ ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ቀኑ ለእኛ ቀዳም ሥዑር፣ ለእነርሱ የረመዳን ጾም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻገሩ። ከመካከላቸውም ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች የመሐመድ ተከታዮች በ7ኛው መቶ ዓመት ከመካ ተሰደው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ መጠለላቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩ ናቸው። ስለ አገራችን የሰሙት ይህን ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ብዙዎች የሽፍቶች ዘረፋና ጥቃት አስመርሯቸው ወጥተው በመንገድ ዳር ሰፈሩ። በሰሙትና ባገኙት መካከል ያለው ርቀት ለእኛ ለክርስቲያን ወጣቶች የኅሊና ዕዳ ነው።

በዚህ ድንበር ደም መፍሰሱ እውነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመተማ ነው። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ብዙ ወገኖቻችን ነፍሳቸውን ያተረፉት ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው ነው። አንዱን እያስታወሱ ሌላውን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለተራበ ማብላት ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያዘዘን ነው። ሆኖም የሚሰጥ እጅ ምን ጊዜም ከላይ፣ የሚቀበልም ከታች ነው። ከሱዳናዊ ተማሪ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጦ፣ ግማሹን ሰዓት በአማርኛ፣ ግማሹን በዐረብኛ መነጋገር ግን ሁለቱን እኩል ያደርጋል። በመጀመሪያው እርሱ ይንተባተባል፤ በሁለተኛው እኛ። የቆላ ልጆች ከገበያ የለቀምናት ዐረብኛ ለዋጋና ለትእዛዝ ትበቃለች እንጂ ለወዳጅነት አትበቃም።

እርሱ ጴጥሮስን «ቡጥሩስ» ይላል፤ በቋንቋው ፐም ጰም የሉምና። ይህ የሚያስቀው ሰው ቢኖር ወደ ራሱ ይመልከት። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ እያልን በጽሕፈት የምንለያቸውን ፊደላት በአማርኛ ስንናገር በአፋችን አንለያቸውም። ዐረብኛ ተናጋሪው ግን ሁሉንም ለየብቻ ይጠራቸዋል። «ዐይን» ሲል ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ ዐይኑ ዐ የተሠራለት ድምፅ ነው። በፊደላችን የያዝነውን፣ ከአፋችን ግን የጠፋውን፣ እንግዳው ጠብቆልናል። ቤት «በይት» ነው፤ ስም «ኢስም» ነው፤ ደም ያው ደም ነው። ቡናውንም እንደ እኛ በጀበና ያፈላል።

ስትነጋገሩም ይህን አስቡ። ዐረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት፤ ራሱ እስኪያገኘው ታገሡት። ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ይማረው ስለ ነበረው ትምህርት ጠይቁት፤ ጦርነቱን ግን ራሱ ካላነሣው አታንሡበት። ከሁሉም በላይ በቀጠሮው ሰዓት ተገኙ፤ ስደተኛ ቃል የተገባለት ብዙ፣ የተፈጸመለት ግን ጥቂት የሆነ ሰው ነውና።

«ወንጌልን ካልነገርነው ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። እምነታችንን አንደብቅም። ረቡዕና ዓርብ ስንጾም ያያል፤ እኛም ሶላቱን እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን። ነገር ግን ወዳጅነቱ ወጥመድ መስሎ የታየው ሰው ቃላችንን ሁሉ ይጠራጠራል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ያስተማረን ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን በየዋህነት ለመመለስ የተዘጋጀን እንድንሆን ነው። ጥያቄ ደግሞ ከሚያምኑት ሰው በቀር ለማንም አይቀርብም። የእኛ ድርሻ የሚጠየቅ ሰው ሆኖ መገኘት ነው፤ የቀረው የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም በ4ኛው መቶ ዓመት ከመምህሩ ጋር ሲጓዝ ወደ አገራችን የደረሰ የጢሮስ ወጣት ተማሪ ነበር፤ ስሙም ፍሬምናጦስ ይባል ነበር። የተሳፈሩበት መርከብ ሰዎች ተገድለው እርሱና ኤዴስዮስ ብቻ ቀሩ። በአክሱም ቤተ መንግሥት አደገ፤ ኋላም የመጀመሪያው ጳጳሳችን ሆነ። ያ ያዘነ ልጅ በእንግዳ ቋንቋ ሲንተባተብ በትዕግሥት ያዳመጠው፣ «ውኃ»፣ «እንጀራ» ማለትን ያስተማረው ሰው መኖሩ የማይቀር ነው። የዚያ ሰው ስም በመጽሐፍ አልተጻፈም። እኛ ግን እስከ ዛሬ የድካሙን ፍሬ እንበላለን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከእኛም ብዙ አይፈለግም፤ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጀበና፣ አንድ የሚያዳምጥ ጆሮ ይበቃል። የአብርሃምን እንግዳ ተቀባይነት በልባችን ያሳድርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።