ሽጉጥና ገላጋይ

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የመጣ ለመሆኑ አስረጅ አያሻም። እናት ለልጇ ቁራሽ እንጀራ በመሶቡ ሥር ትሸጉጣለች፤ ተማሪ የናፈቀውን ደብዳቤ በደብተሩ ቅጠሎች መካከል ይሸጉጣል፤ ባላገር የገበያ ገንዘቡን በመቀነቱ እጥፋት ይሸጉጣል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ፍቅር ወይም ጥንቃቄ አለ እንጂ ክፋት የለም። ረጅሙ ነፍጥ ግን ሌላ ዓይነት የስም ታሪክ አለው። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባለ በሠራው ሰው ወይም በመጣበት አገር ስም ሲጠራ ኖሯል። ጠመንጃ የሚለው የወል ስም ራሱ ከቱርኮች ቋንቋ ከመጣ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ያ ቃል በቱርክኛ ዛሬም የሚጠራው አጭሩን መሣሪያ መሆኑ የቋንቋ ቀልድ ነው። አጭሩን መሣሪያ አማርኛ በሠሪው አልሰየመውም፤ ባለቤቱ በሚያደርገው ነገር ሰየመው።

ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ከወገብ ላይ ሲታሰር የማይከብድ፣ ከኮት ሥር ሲውል የማይታይ፣ በተተኮሰ ጊዜ ግን ከትልቁ መሣሪያ የማያንስ የትኛው ነው? ይላል። ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱም በግራምና በሳንቲሜትር የሚሰጥ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ሌላ፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ሰው የመግደልን ኃይል ክብደቱ ሳይሰማው፣ ጎረቤቱም ሳያየው፣ ዕለት ተዕለት ይዞ ሊዞር ይገባዋልን? ይህ በማንኛውም ከተማ ሊነሣ የሚችል ቢሆንም፣ ነፍጥ የአካል ክፍል ያህል በታየበት በምዕራብ ጎጃም ሲነሣ የተለየ ፍሬ ይሰጣል።

ከደምበጫ እስከ ጅጋ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ በስሙ ከሚያውቀው ከማንኩሳ እስከ ቡሬና ወንበርማ፣ ገበሬው ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ሲሄድ ኖሯል። ውጅግራ 4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ይህን ያነገተ ሰው ወደ ገበያ ሲወርድ ከሩቁ ይታያል። በሬ ሸጦ የገዛው እንደሆነ ጎረቤቱ ያውቃል፤ ከአባቱ የወረሰው እንደሆነም ታሪኩ ከነፍጡ ጋር ይወረሳል። በሠርግ ይተኮሳል፤ በለቅሶ ይተኮሳል። ሌላው ቀርቶ የባለቤቱ የትከሻ ሕመም እንኳ የአደባባይ ነገር ነው። እንግዳው ከደጅ ሲደርስ አባወራው «ጠመንጃህን ከምሰሶው አስደግፍና ወደ መደቡ እለፍ» ይለዋል። ይህ አነጋገር ተራ መስተንግዶ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም የሚፈጸም ውል ነው። እንግዳው ኃይሉን ከሰውነቱ ይለያል፤ አስተናጋጁም ኃይሉን አይቶ፣ ቦታ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየውን ብቻ ያነጋግራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ የሚመስል ነገር መነሣት ይኖርበታል። በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፀ ጊዜ፣ ከምሬቱ ምክንያቶች አንዱ የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብ ማዘዙ ነበር። ነፍጡን በጠራራ ፀሐይ ለገበያ ሕዝብ የሚያሳይ ሰው በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሲጠየቅ ስለምን ተቆጣ? ምሥጢሩ አይከብድም። የጎረቤት ዓይን መሣሪያውን ከነባለቤቱ ያያል፤ የመዝገቡ ዓይን ግን ነገ ሊወሰድ የሚችል ንብረት ያያል ብሎ ነበር የሠጋው። ስለዚህ ግልጽነት በጥቅሉ አንድ ነገር አይደለም። ማን ለማን ይገለጣል የሚለው ከመገለጡ ያላነሰ ክብደት አለው።

ወደ አጭሩ መሣሪያ እንመለስ። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ጥይቱን በሚሽከረከር ጎሬ የሚይዘውን ሪቮልቨር በ1836 እ.ኤ.አ. በአገሩ የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጊዜ አንሥቶ፣ የሠሪዎች ድካም በሁለት እርስ በርሳቸው በሚጋጩ ፍላጎቶች መካከል ሲዋልል ኖሯል። አንዱ ኃይል ነው፤ ሁለተኛው ቅለት። ትልቅ ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ወፍራም አካል ይሻል፤ ወፍራም አካል ከብረት ሲሠራ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ይህም ቀኑን ሙሉ ከወገብ ሲንጠለጠል ሱሪ ይጎትታል፣ ዳሌ ይልጣል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ አካሉን ስካንዲየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም፣ ጎሬውን ከታይታኒየም ሠርቶ፣ 44 ማግነም የተባለውን ብርቱ ጥይት የሚተኩስ፣ 700 ግራም ገደማ የሚመዝን ሪቮልቨር አወጣ። ይህ እንግዲህ፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ወታደራዊ ትብብር ዘመን ለኢትዮጵያውያን ጆሮ ከተለመደው፣ አነስተኛ ጥይት ከሚጎርሰው ከማካሮቭ የማይበልጥ ክብደት ነው።

ነገር ግን ተፈጥሮ አትታለልም። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወረወር መሣሪያው ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ጥይቱ ያው ሆኖ የመሣሪያው ክብደት በግማሽ ሲቀንስ የሚራገጥበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ለወገብ የተማረው ሕመም ለመዳፍ ተላልፎ ይሰጣል ማለት ነው። ከዚህም የሚከተለው ይብሳል። የሚያሳምም መሣሪያ የያዘ ሰው ኢላማ መለማመድ ይጠላል፤ ያልተለመደ እጅ ደግሞ በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ በሕዝብ መካከል ሲተኩስ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ ባለቤቱም አያውቅም። እነሆ ቅለቱ ሰውየውን ሁልጊዜ እንዲይዘው ይገፋፋዋል፤ አያያዙን እንዳይማር ደግሞ ያሰንፈዋል። የአራት ኪሎው ውጅግራ ባለቤቱን በየእርምጃው «ይዘኸኛል» ይለዋል። የቀለለው ሽጉጥ የሚመሰገነው መኖሩን ስላስረሳ ነው። ግዑዝ ዕቃ ሥነ ምግባር የለውም ቢባልም፣ የሚያስረሳ ዕቃና የሚያስታውስ ዕቃ በሰው ጠባይ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም።

የሸሻጊው ወገን ክርክር እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከቡሬ ገበያ በርበሬውን ሸጦ ገንዘቡን በደረት ኪሱ ይዞ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ይህ ሰው «ጠመንጃ ባነግት ሕፃናትን አስፈራለሁ፤ ገንዘብ መያዜንም ለሌባ አውጃለሁ፤ ጠመንጃው ራሱ ብዙ ብር የሚያወጣ ስለሆነ ለእሱ ሲሉ ይገድሉኛል። ሽጉጤን ብሸጉጥ ግን ማንን እጎዳለሁ? ባልተነካሁ ጊዜ እንደሌለ ነው» ይላል። ለአነጋገሩ ሚዛን አለው። በግልጥ የተነገተውን ነፍጥ ቅዱስ አድርጎ ማቅረብም ሐሰት ይሆናል። ያ ነፍጥ ስንቱን ደካማ ከመንገድ ዳር አስወጥቷል! ነፍጥ የሌለው ጭሰኛ ከባለ ነፍጡ ፊት አንገቱን ደፍቶ አልፏል፤ ሴት በሸንጎ ላይ ቃሏ ሳይሰማ ቀርቷል፤ ፉከራው የጀግንነት ያህል የማስፈራራትም ቋንቋ ነበር። ማሳየት በራሱ ንጽሕና አይደለም።

ሌላም ብርቱ ምስክር ለመደበቅ ይቆማል። በጠላት ወረራ ዘመን ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬን የመሰሉ የጎጃም አርበኞች በዱር በገደል ጦር ሲመሩ፣ በጠላት በተያዙት ከተሞች የውስጥ አርበኞች መረጃና ጥይት እየሸሸጉ ያስተላልፉ ነበር። እነዚህን ሰዎች ስለ ደበቁ የሚነቅፋቸው የለም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የውስጥ አርበኛ የደበቀው ከወራሪው ነው። ከጓደኞቹ አልደበቀም፤ በቃል ኪዳን የታሰሩት ሰዎች ማን ምን እንደያዘ ያውቁ ነበር፤ ሲያጠፋም የሚጠይቁት እነሱ ነበሩ። የዛሬው የቡሬ ነጋዴ ግን ሽጉጡን የሚደብቀው ከሌባ ብቻ አይደለም። ከዘመዱ፣ ከደንበኛው፣ በአንድ መኪና ጎን ለጎን ከተቀመጠው መንገደኛ፣ በጸበል ማኅበር አብሮት ከሚጠጣው ሰው ይደብቃል። ሳያስበው ጎረቤቱን በወራሪ ቦታ አስቀመጠው።

ፕላቶን በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ጋይጂስ ስለተባለ እረኛ የሚነገረውን ተረት ያነሣል። እረኛው በጣቱ ሲያዞረው ከሰው ዓይን የሚሰውረው ቀለበት አገኘና ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ወሰደ። የተረቱ ጥያቄ የማይታይ ሰው ጻድቅ ሆኖ ይኖራል ወይ? የሚል ነው። የሽጉጡ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ሰውየው ይታያል፣ ሰላምታም ይሰጣል፣ የተሰወረው ችሎታው ብቻ ነው። ምናልባትም ጨዋ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥይት ላይተኩስ ይችላል። ስለዚህ ፍርዱን በባለ ሽጉጡ ልብ ላይ ብቻ መመሥረት አያስኬድም። ጉዳቱ ያለው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም በገላጋዩ ላይ።

በአንድ ጠላ ቤት ሁለት ሰዎች በመሬት ድንበር ይጣላሉ እንበል። አንደኛው ጠመንጃ ካነገተ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደዚያ ይጥላል። አንዱ ሰደፉን ይጨብጣል፤ ሌላው አፈሙዙን ወደ ጣራ ያዞራል፤ ሦስተኛው እጁን ዘርግቶ በሁለቱ መካከል ይገባል፤ ባለቤቲቱ በመድኃኔ ዓለም እያለች ትማጸናለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው አደጋው የት እንዳለ ስለሚታይ ነው። ገላጋይ ደመወዝ የሌለው፣ ማንም ያልሾመው፣ ነገር ግን ያለ እሱ የገጠሩም የከተማውም ኑሮ አንድ ሳምንት የማይቆም የኅብረተሰብ አገልጋይ ነው። መሣሪያው ዓይኑና ባዶ እጁ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ጠመንጃው ቀርቶ ሽጉጥ ከኮት ሥር አለ እንበል። ገላጋዩ የሚጮኸውንና ዱላ የያዘውን ሰው ጨምድዶ ይይዛል፤ ጸጥ ያለውን ይተወዋል። የተኮሰው ግን ጸጥ ያለው ነው። ወይም ገላጋዩ ራሱ በመካከል ይወድቃል።

የዚያ ቀን ጥፋት በአንድ ሰው ሞት ቢያበቃ ባልከፋ። በሚቀጥለው ጠብ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። «ምን እንደያዘ ማን ያውቃል» የሚል አነጋገር ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሽጉጥ ያለውና የሌለው እኩል ይሆናሉ፤ ምንም ያልያዘው ሰው እጁን ወደ ኪሱ መሐረብ ሊያወጣ ሲሰድ እንኳ እንደ ታጠቀ ይፈራል፤ ከተፈራም ቀድመውት ይተኩሳሉ። የአንዱ ሽሽግ ሁሉንም ተጠርጣሪ ያደርጋል። ነጋዴው «እንደሌለ ነው» ያለው ሽጉጥ ከዚህ ላይ ሲደረስ የትም ቦታ ያለ ሆነ፤ ባልተሸጎጠበት ወገብ ላይ ጭምር።

ሕግ ይህን ጉዳይ በራሱ መንገድ ለመያዝ ሞክሯል፤ በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ግን ለመንግሥት መገለጥ ነው፤ ለጠላ ቤቱ ገላጋይ አይገለጥለትም። ደግሞም አዋጁ ከወጣ አራት ዓመት ሳይሞላ በክልሉ የተነሣው ጦርነት የምዕራብ ጎጃምን ከተሞች ከመዝገብና ከፈቃድ ወደ ራቀ ኑሮ ከቷቸዋል። ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ከአየር በደረሰባት ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው የዜና አውታሮች ዘግበዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያ ሰሞን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጉዳት መድረሱን የሚያመለክት ተአማኒ መረጃ እንደደረሰው አስታውቋል። ከደመና በላይ ያለውን ምላጭ የሚስበው እጅ ለገላጋይ ፈጽሞ አይታይም። ከዚህ ዓይነት ፍርሃት ውስጥ የወጣ ሰው አንዲት ትንሽ ሽጉጥ በወገቡ ቢመኝ፣ ከሩቅ ሆኖ ሊፈርድበት የሚደፍር ሊኖር አይገባም። ምኞቱ ይገባል፤ የሚያመጣው ነገር ግን በመረዳት አይለወጥም።

የቀድሞዎቹ ሲራራ ነጋዴዎች ሽፍታ የሚፈራበትን በረሃ በጉዞ ጓድ ነበር የሚያልፉት፤ ጠባቂዎቻቸውም ነፍጣቸውን አንግተው በግልጥ ይሄዱ ነበር። ይህ ብልሃት ዛሬ ለቡሬው ነጋዴ ይበቃዋል ማለት የዋህነት ነው። ለጓደኛ ሲባል አንድ ሌሊት ማደር ገንዘብ ያስወጣል፤ ጓደኛ የሚባለውም ምን እንደያዘ አይታወቅም።

ስለዚህ ነጋዴው ብቻውን ይመለሳል እንበል። ማንም አልነካውም። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ መሽቷልና ከአክስቱ ቤት ይገባል። በበሩ አጠገብ ጠመንጃ የሚደገፍበት ምሰሶ አለ፤ አክስቱ ግን ከምሰሶው አስደግፍ የምትለው ነገር አላየችም፤ «እሰይ፣ ልጄ፣ ደኅና ገባህ፤ ቁጭ በል» ትለዋለች። ትንሹ የልጇ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ወደ ጭኑ ሊወጣ ይንጠላጠላል። ነጋዴው በቀኝ እጁ ኮቱን ወደ ጎኑ ይሰበስባል። አክስቱም የበረደው መስሏት እሳቱን ትቆሰቁሳለች።