አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

አንድ ወዳጄ አለ፤ የሽብር ወሬ በተነሳ ቁጥር «የዘሩትን ነው የሚያጭዱት!» የሚል። አሜሪካኖችን ማለቱ ነው። ሰሞኑን ቡና ይዘን ይህንኑ ሲደግምልኝ «ለመሆኑ ማን ዘርቶ ማን አጨደ?» አልኩት።

እርግጥ ነው፣ ቅሬታው እንዲያው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ማግስት፣ ነሐሴ 1 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ጦሯን ወደ ሳዑዲ አረቢያ ማዝመት ጀመረች። ኢራቅ ከኩዌት ተባረረች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ግን ለዓመታት እዚያው ቀሩ። ቢን ላደን በ1988 ዓ.ም. ያወጣው የጦርነት አዋጅ ዋና ክስ ይኸው ነበር፤ በኢራቅ ላይ የተጣለውን ማዕቀብና የፍልስጤምን ጉዳይም አክሎበታል። ማዕቀቡ ሕዝቡን ክፉኛ መጉዳቱን ደግሞ ቢን ላደንን የሚጠሉ ሰዎችም አልካዱም።

ልክ በስምንት ዓመቱ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ናይሮቢ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ጓሮ ቦምብ የጫነ መኪና ፈነዳ። አጠገቡ የነበረው፣ የጽሕፈት ሥራ ማሠልጠኛ ያለበት ኡፉንዲ የተባለ ሕንፃ ተደረመሰ። በዚያ ቀን ናይሮቢና ዳሬሰላም ውስጥ ከሞቱት 224 ሰዎች አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ናቸው። የቀሩት ከሞላ ጎደል ኬንያውያንና ታንዛኒያውያን ነበሩ። ታይፕ ልትማር የሄደች የናይሮቢ ልጅ ሳዑዲ ስለሰፈረ ጦር ምን አገባት?

አሜሪካም በ13ኛው ቀን ካርቱም የነበረውን የአል ሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ በሚሳይል አወደመች። የመርዝ ጋዝ ነገር አለበት ተባለ፤ አሳማኝ ማስረጃ ሳይቀርብ ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው። ዳውላው ደግሞ ሁሌም የእኛ ሰፈር ሰው ነው!

«ታዲያ ምክንያቱ አይነገር ልትል ነው?» አለኝ ወዳጄ፣ ቆጣ ብሎ።

ይነገር እንጂ! እኔን የሚያንገበግበኝ «የዘሩትን» የምትለዋ ናት። ገዳዩን እንደ ዝናብና እንደ በረዶ፣ በራሱ ጊዜ የወረደ መዓት ታስመስለዋለች። እሱ ግን አስቦ፣ ቀን ቆርጦ፣ መኪና ገዝቶ ነው የመጣው። በማዕቀቡ ዘመን ልጆቻቸውን የቀበሩ የኢራቅ እናቶች ናይሮቢ ድረስ ቦምብ ጭነው አልመጡም። ከማንም በላይ የተበደሉት እነሱ አልነበሩም እንዴ?

በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢራቅን ወረረች። አለ የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ የፋፋው ቡድን ኋላ አይሲስ ተባለ፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን እንዴት እንደገደለ ሁላችንም አይተናል።

«እነዚያ ልጆችስ፣» አልኩት፣ «ምን ዘርተው ነበር?»

«እነሱማ…» ብሎ ዝም አለ።