የረዳቱ ደሞዝ

አንድ ሰው አባዱላ ነበረው። ራሱ እየነዳ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ይመላለሳል። መኪናውን እንደሚወድ ያየው ሁሉ ይመሰክርለታል፤ ጠዋት ጠዋት ያሳጥባታል፣ ለበዓል የወንበር ልብስ ይቀይርላታል። አንድ ነገር ግን አይወድም፤ መኪናህ ታማለች የሚለውን ሰው።

ረዳቱ ወጣት ልጅ ነው። መኪናው ሳይቆም ዘሎ የሚወርደው፣ ከተነሣ በኋላ ሮጦ የሚንጠለጠለው እሱ ስለሆነ ሹፌሩ በሙዚቃ መሀል የማይሰማውን ይሰማል። አንድ ቀን ፍሬን ሲያዝ ከፊት ጎማ ቀጭን ሲጥታ ሰማ።

«ጋሼ፣ የፊቱ ፍሬን እየጮኸ ነው።»

«የሌሊቱ ዝናብ ነው። ዲስኩ ይዝግና ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ይለቀዋል።»

ሐሰት አልተናገረም። ዝናብ ያደረበት ዲስክ ስስ ዝገት ያወጣል፤ ጠዋት ይንጫጫል፣ ወዲያውም ዝም ይላል። ክፋቱ፣ ግማሽ እውነት የያዘን ሰው ማስረዳት ከባድ መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው» አለ ልጁ።

ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ያ ሲጥታ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የፍሬኑ ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትተከላለች፤ ሸራው አልቆ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ሰንበትበት ብሎ ክሩስኮቱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ክብ፣ መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት። ሰውየው የእጅ ፍሬኑን አየ፤ ወርዷል። የፍሬን ዘይቱን አየ፤ ጎድሏል። ከወንበር ሥር ተከፍታ የከረመች የዘይት ጠርሙስ አወጣና ሞላው። መብራቱ ጠፋ።

«አየህ? ይኸው ዳነች!»

«ዘይቱ ግን የት ሄደ፣ ጋሼ? መሬት ላይ የፈሰሰ አላየሁም።»

ጥያቄው የጥሩ መካኒክ ጥያቄ ነበር። ዘይቱ የትም አልፈሰሰም። ሸራ ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ዲስኩ እየተገፋ ይወጣል፤ ከኋላው የሚተወውን ባዶ ቦታ ዘይቱ ይሞላዋል፤ ማጠራቀሚያው ይጎድላል። መብራቱ የሚናገረው ስለ ሸራው ነበር፤ ሰውየው አፉን በዘይት ዘጋው።

ጥያቄውን የሰማ አንድ ተሳፋሪ ዕቃውን ይዞ ወረደ። ልጁን ያስባረረውም ይኸው ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሲደርሱ ሹፌሩ «ተሳፋሪ ታስበረግግብኛለህ» ብሎ አሰናበተው፤ ለጠፋው ሒሳብ ማካካሻ ነው ብሎም የግማሽ ወር ደሞዙን ያዘበት።

ሁለተኛው ረዳት ዝምተኛ ነበር። ሲጥታው ወደ ፍጭት ተለወጠ፤ ብረት ብረትን ይልግ ጀመር። አዲሱ ልጅ በር ይከፍታል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ በር ይዘጋል።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁለቱን የሚያውቅ ሹፌር በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስያዘ ይወርደዋል። የእኛ ሰው ተሽቀዳድሞ በፍሬን ወረደው። መሀል ላይ አንዲት እናት ከኋላ «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉ። ሰውየው መልስ ሳይሰጥ ፍሬኑን ረገጠ፤ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ላልቶ ወለል ነካ።

ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል። ተከፍቶ ሲከርም ግን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ያኔ 140 ላይም ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ፍሬን አይገፋም። የከረመችዋ ጠርሙስ እንዲህ እርጥበት የጠጣ ዘይት ይዛ ነበር።

ሰውየው ማርሽ ቀነሰ፣ በገመድ የኋላውን ታምቡር የሚይዘውን የእጅ ፍሬን ቀስ እያለ ሳበ፣ መኪናዋን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቶ ከቦዩ ጋር አፋተጋትና ቆመች። ሰው አልሞተም።

ተሳፋሪው ሲረጋጋ ሹፌሩ ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ድምፁን አልሰማህም ነበር?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነግሮዎት አልነበር?»

ባለ ጋራዡ ጎማውን ሲያወልቅ ዲስኩ እንደ ማረሻ ቦይ ተልጎ አገኘው። በጊዜው ቢሆን ሸራ ብቻ ይበቃ ነበር፤ አሁን ዲስኩም ተቀየረ፣ ዘይቱም ተደፍቶ በአዲስ ተተካ። ባለመኪናው የጋራዡን ሒሳብ ሳይከራከር ከፈለ። የመጀመሪያውን ልጅ እንዲመለስ ሰው ቢልክበት፣ በሌላ መኪና ተቀጥሮ ነበርና አልመጣም። የተያዘበት የግማሽ ወር ደሞዝ ግን እስካሁን አልተከፈለውም።