የማያዩት ጎረቤት

በልጅነቴ በካዛንቺስ ስንኖር፥ ክረምት ገብቶ ዶፍ በሚወርድበት ሌሊት፥ ዝናቡ ይሸፍንልናል ብለን የሞላውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ቦዩ እንለቅቀው ነበር፤ ቦዩም ወደ ወንዙ ይወርዳል። እናቴ ግን ሽታው ከጎረቤት እንዳይደርስ አጥብቃ ትጠነቀቅ ነበር፤ ለሰው አሳቢ ነበረችና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ፊቱን አይቼ የማላውቀውን ሰው በደልሁ ማለት ይቻላልን? እኔ ብዙ ዘመን አይቻልም ስል ኖርሁ። ነገር ግን የቀበናና የባንተ ይቀጡ ውሃ ወደ ትልቁ አቃቂ፥ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር ያለው ገበሬ ያንኑ ውሃ እየጠለፈ ጎመንና ሰላጣ ያለማበታል፤ ጎመኑም ተመልሶ ከከተማችን ገበታ ይቀርባል። (ይህን የተረዳሁት ለብዙ ዓመት ከበላሁ በኋላ ነው።)

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማልማት ሥራ ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ ሲፈርስ ያ ጓሮም አብሮ ጠፋ፤ ጎረቤቶቻችንም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ።

የወንዝ ዳሩ መናፈሻ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ የተነጠፈ ድንጋይ ውሃ አያጠራም። የሚያጠራውስ ቄጤማ የበቀለበት ረግረግ ነው፤ ውሃው በዚያ ሲዘገይ ደለሉ ይዘቅጣል፥ በሥሮቹ ዙሪያ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ቆሻሻውን ይበሉታል። ረግረግ ጭቃና ትንኝ ስላለው መርቆ የሚከፍተው የለም። እርሱም ቢሆን ከላይ የሚለቀቀውን ሁሉ አይችልም።

ባለፈው ክረምት በማለዳ ከድልድዩ ላይ ቆሜ ውሃው ጠቁሮ ሲወርድ አየሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር።