ልጅን በግዝት ስለ መጠበቅ

በትዳሩም በጸሎቱም የማከብረው አንድ የሰበካችን ሰው ባለፈው ዓመት ልጁን አስከትሎ ወደ ቤቴ መጣ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበርና ለስንብት የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። እርሱ ግን ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ «አባ፥ ይህችን ልጅ ሳትሄድ ይገዝቱልኝ» አለኝ፤ ከኪሱም ወረቀት አወጣ። በወረቀቱ ላይ ሱሪ እንዳትለብስ፥ ጠጕሯን እንዳትቈርጥ፥ ከወንድ ጋራ ሻይ እንዳትጠጣ፥ ከመሸ በኋላ ከማደሪያዋ እንዳትወጣ፥ ከሰው መኪና እንዳትገባ፥ እንዲህ እየተባለ እስከ 11 ተራ ተጽፎ ነበር። ልጅቱ ራሷን ደፍታ ዝም ብላለች። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ወንዱን ልጁን ወደ ጅማ ሲሰድድ ግዝት አልለመነኝም፤ ጸበል አስረጭቶ፥ ስንቅ አስይዞ ሸኘው እንጂ።

ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። በየኮሌጁ በር ማታ ማታ መኪናውን አቁሞ የሰው ልጅ የሚጠብቅ ጐልማሳ መኖሩን፥ ከአጠገቡም የጫትና የሺሻ ቤት መከፈቱን ያላየ የከተማ ሰው የለም። ልጅቱም ከማታውቃቸው ልጆች ጋራ በአንድ ክፍል ታድራለች። የምትበላውን፥ የምትለብሰውን፥ የምትወዳጀውን፥ የምትተኛበትን ሰዓት፥ እሑድ የምትውልበትን ስፍራ ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትመርጠው ራሷ ናት። እስከ ትናንት ይህን ሁሉ የመረጠችላት እናቷ ነበረች።

እኔ ግን እንዲህ ያለውን ልመና ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ተቀብዬ ነበር። አንዲት እናት አልቅሳ ብትለምነኝ ልቤ ራርቶ ልጇን ገዘትኋት፤ ከተገዘተችባቸውም ነገሮች አንዱ ሱሪ ነበረ። ልጅቱ የተመደበችበት አገር ደጋ ነው። በኅዳር ውርጭ ጓደኛዋ ያዋሰቻትን ሱሪ ከቀሚሷ በታች ለበሰች። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሦስት ዓመት ቆይታ የነገረችኝ ራሷ ናት። ግዝቱን አፍርሻለሁና ከእንግዲህ የተለየሁ ነኝ ብላ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች፤ በግቢ ጉባኤ የሚሰበሰቡትን እኅቶቿንም ሸሸች። ለእናቷ እንዳትናገር ግዝቱ አስፈራት፤ ለእኔ እንዳትናገር የገዘትኋት እኔው ነኝ። አንድ ባለ መኪና ራት ልጋብዝሽ ባላት ጊዜ «አንድ ጊዜ ከወደቅሁ ምን እጠብቃለሁ?» ብላ ሄደች። ያ ሰው ያደረሰባትን እዚህ አልጽፈውም። እኔም ያን ቀን መስቀሌን በእጄ እንደ ያዝሁ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ጥፋቱ ከምን ላይ ነው ቢሉ፥ ከሚዛኑ ላይ ነው። ሱሪና የባዕድ ሰው መኪና በአንድ ግዝት በታሰሩ ጊዜ ክብደታቸው አንድ ይሆናል። ቀላሉን ያፈረሰ ከባዱን እንዳፈረሰ ይቈጥራል፤ ከባዱም ይቀልለዋል። ሰው ጨዋ የሚባለው የማይሠራው ነገር ስለ በዛ አይደለም፤ የቱ ጥቂት የቱ ብዙ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው እንጂ። ጠጕርን ማሳጠር የዐይን ነገር ነው፤ ቢጸጸቱበት በዓመቱ ያድጋል። የማያውቁትን ሰው ግብዣ መቀበል ግን ብድር ነው፤ ብድሩ የሚጠየቅበትንም ቀን የሚወስነው አበዳሪው ነው። ስለዚህ ሴት ልጅን ከማን ጋራ ሻይ ጠጣሽ ከማለት ይልቅ ሒሳቡን ማን ከፈለ ማለት ይሻላል። የሻይዋን ዋጋ ራሷ የከፈለች ልጅ ተነሥታ ለመሄድ የማንንም ፈቃድ አትጠብቅም።

እኛ ካህናት ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አይገባንም ነበር። እኔ ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቼ ቤት የወጣሁት የ13 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው፤ አባቴንም አላስፈቀድሁም። ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቼ፥ ከውሻ ጋራ እየታገልሁ ቍራሽ ስለምን ማን ጠበቀኝ? የት አደርህ ያለኝም አልነበረ። በተመለስሁ ጊዜ አገሩ «ተማረ» አለኝ እንጂ «ባከነ» አላለኝም። የኔታም ቢሆኑ የቅኔውን መንገድ ያሳዩናል፥ ዘረፋውን ይሰጡናል እንጂ አይቈጥሩልንም ነበር፤ ለቈጠራ ወደ ዱር ስንወጣም ተከትለውን አይመጡም። የባልንጀራውን ቅኔ ተውሶ የነገረ ልጅ ግን ምሥጢሩን ሲጠየቅ ይታወቅበት ነበር። ከአባት በግዝት የተዋሱት ጨዋነትም እንዲሁ ይመስለኛል፤ የሚጠይቅ እስኪመጣ ድረስ ያምራል። (ይህ ምሳሌ ለሴት አይሆንም የሚል ቢኖር፥ በጎጃም ጽላሎ ዐይነ ስውር ሳሉ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስብ።)

ሰባክያን የሴት ልጅ መውጣት በተነሣ ቍጥር የያዕቆብን ልጅ ዲናን ማንሣት ይወዳሉ። ወጥታ ተዋረደች ይላሉ፤ ዐመፁ የሴኬም መሆኑን ግን ሲያልፉት እሰማለሁ። ርብቃስ ከቤት ውጭ አልነበረችምን? የአብርሃም ሎሌ ያገኛት ከእናቷ ጓዳ አይደለም፤ ከከተማ ውጭ ከውኃ ጕድጓድ አጠገብ ነው። ባዕዱን ሰው አነጋገረች፥ አጠጣችው፥ ለግመሎቹም ማንም ሳያዝዛት ቀዳች። ሎሌው የጌታውን ልጅ ሚስት የለየው በዚህ ነው። የመሄዷም ነገር በመጣ ጊዜ ወንድሟና እናቷ ጠርተው ፈቃዷን ጠየቋት። እኛ ይህን ያህል እንኳ ለመጠየቅ እንፈራለን። የአገራችን ሕግስ በ1952 ዓ.ም. ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት ወስኖት የነበረውን በ1992 ዓ.ም. 18 አድርጎታል፤ በ18 ዓመቷ ባል መምረጥ የተፈቀደላት ልጅ ባልንጀራ መምረጥ አትችልም ማለት እንደ ምን ይሆናል?

«እንግዲያ ሥርዓት ይቅር ትላለህን? ጾሙስ ከውጭ የተሰጠን አይደለምን?» የሚለኝ ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። አልልም። ጾም በወንዱም በሴቷም ላይ እኩል የተሠራ ነው፤ ያፈረሰውም ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። ግዝትም የካህን ሥልጣን መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የበደለውን ለመመለስ የተሰጠ መራራ መድኃኒት ነውና ያልታመመችውን ልጅ አስቀድሞ ማጠጣት መድኃኒቱንም ልጅቱንም ማበላሸት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ ለአባትየው መለስሁለት። ወደ ልጅቱም ዘወር ብዬ «ልጄ፥ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ክፉ ነገር ቢያገኝሽ፥ ብትሳሳቺም፥ አስቀድመሽ ለማን ትነግሪያለሽ?» አልኋት።

ብዙ ዝም አለች። በኋላ «አብራኝ ለምታድረው ልጅ ይመስለኛል» አለች።

«ገና አላየሻትም እኮ» አልኋት።

«አዎን አባ፥ አላየኋትም።»

አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ፤ መስቀልም ሳይሳለም ወጣ። በሳምንቱ ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ እንደ ሸኛት ሰማሁ። ሌላ ካህን ፈልጎ አስገዝቷት እንደ ሆነ ግን እርሱም አልነገረኝም፥ እኔም አልጠየቅሁትም።