በጨው ውስጥ ኖሮ ጨው ያልሆነ



«ምን ላድርግ? ዘመኑ ነው፤ ገበያው ራሱ ያለ ውሸት አያሠራም» የሚል ምክንያት ደጋግሜ እሰማለሁ። እንዲህ ለሚለኝ ነጋዴ ወንድሜ ዓሣን እንዲመለከት እነግረዋለሁ።

የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። በውስጡ የሚኖሩት አብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ደም ግን ጨውነቱ የዚያ ሲሶ ገደማ ነው። ጨዋማው ባሕር ከገላቸው ውኃ ስለሚመጥ በውኃ መካከል ሆነው ይጠማሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሆመር ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዳስረዳው፣ ያንኑ የባሕር ውኃ ይጠጣሉ። ውኃውን ያስቀራሉ፤ ትርፉን ጨው በሚተነፍሱበት ስንጥብ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት መልሰው ወደ ባሕሩ ያስወጡታል። ይህም ጉልበት የሚጠይቅ፣ የማያቋርጥ ሥራ ነው።

ታዲያ የጣፋጭ ውኃው ዓሣ ዐርፏልን? በፍጹም! በሐይቆቻችን የሚኖረው ቆሮሶ ፈተናው የተገላቢጦሽ ነው። ውኃው ሳይጠራ ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፤ ጨዉም ያመልጠዋል። ስለዚህ ብዙና ቀጭን ሽንት እየሸና ውኃውን ያስወጣል፤ በሐይቁ ያለችውን ጥቂት ጨውም በስንጥቡ ይለቅማል። ድሎትም እንደ ችግር ሁሉ ፈተና መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። የተቸገረው ሐራም እንዳይገባበት ሲታገል፣ የተደላደለው ኢማኑ ቀስ በቀስ እንዳያመልጠው ይጠንቀቅ።

ቅዱስ ቁርአን በሱረቱ ፋጢር ጣፋጩና ጨዋማው ባሕር እኩል እንዳልሆኑ አውስቶ፣ ከሁለቱም ትኩስ ሥጋ እንደምንመገብ ያስታውሰናል። የአላህ (ሱ.ወ.) ጥበብ ምንኛ የላቀ ነው!

ልብ በሉ! ያ የባሕር ዓሣ ከሞተ በኋላ ጨው ቢነሰነስበት ጨዉ እስከ ውስጡ ይዘልቃል። ባሕር ሙሉ ጨው በሕይወት ሳለ ያላሸነፈውን፣ ሲሞት አንድ እፍኝ ያሸንፈዋል። የሰውም ልብ እንዲሁ ነው። አካባቢው በከለን ከማለታችን በፊት ልባችን በሕይወት መኖሩን እንጠይቅ።

ወንድሜ ሆይ! ከገበያው ውጣ አልልህም፤ ዓሣውም ከባሕሩ አልወጣም። ሐላል ትርፍህን ውሰድ፤ ውሸቱንና የጎደለውን ሚዛን ግን አስወጣ። አምስቱ የሶላት ወቅቶች ከዕለቱ ግርግር መሐል ነጥለው ወደ ጌታህ የሚመልሱህ፣ ኢስቲግፋርም የተጠራቀመውን የምታራግፍበት ነው። ሥራው በየቀኑ ነው፤ ለነገ አይባልም።

አላህ ልባችንን ሕያው ያድርግልን። አሚን!